ምዕራፍ ስድስት፦ ንባቡ ቢዘገይም እውቀቱ አይዘግይ

ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ልጅዎን የፊደል ገበታው ፊት ያቁሙት። መጀመሪያ እንደለመደው «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያለ ያውርደው። ንባብ የሚቸግረው ልጅም ቢሆን ይህን ብዙ ጊዜ ያለ እንከን ይወጣዋል። ከዚያ ገበታው መሀል ላይ ጣትዎን ያሳርፉ፤ «ጊ» ላይ እንበል። ቀጥለው «ሮ» ላይ፣ ከዚያም «ች» ላይ። አንዱ ልጅ ፊደሉን ወዲያው ይጠራዋል። ሌላው ዓይኑን ወደ ረድፉ መጀመሪያ ይመልስና «ገ፣ ጉ፣ ጊ» እያለ በከንፈሩ ቆጥሮ ይደርስበታል።

ሁለተኛው ልጅ ፊደሉን የያዘው በጆሮው ነው። ዜማውን ያውቃል፤ ቅርጹንና ድምፁን ገና አላገናኛቸውም። ከዜማው ውጪ አንዲት ፊደል ብቻዋን ስትመጣበት ይጠፋዋል። መጽሐፍ ላይ ያለው ፊደል ሁሉ ደግሞ ከዜማው ውጪ የመጣ ነው።

የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ወጥመድ ጠንቅቀው ያውቁታል። ተማሪው ፊደሉን በተራ ቆጥሮ ሲጨርስ አቡጊዳ ይሰጡታል፤ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» እያለ ከየረድፉ አንዳንድ እየነጠቀ የሚሄደውን አደራደር። የለመደው ዜማ ስለፈረሰ ተማሪው ቅርጹን አይቶ ከመለየት በቀር ምርጫ የለውም። ንባቡም በደረጃ ነው፤ ፊደል በፊደል እየነጠሉ ይጀመርና ቆይቶ ወደ ቁም ንባብ ይደረሳል። ንባብ ለሚቸግራቸው ልጆች ዛሬ በዓለም ላይ የሚመከረው ስልት ከዚህ ብዙም አይርቅም፦ በትንሽ በትንሹ፣ በግልጽ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ደጋግሞ።

በዚህ ምዕራፍ ወላጅ ሁለት ሥራዎችን ለይቶ እንዲይዝ እፈልጋለሁ። አንዱ ንባቡን ማስያዝ ነው፤ ይህ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይፈጃል። ሌላው ንባቡ እስኪመጣ ድረስ ልጁ ከእውቀት እንዳይነጠል መጠበቅ ነው፤ ይህ ዛሬውኑ ይጀመራል። በብዙ ቤት ሁለቱ ይደባለቁና የመጀመሪያው ሥራ ጭንቀት ሁለተኛውን ያስረሳል።

ችግሩ ያለው የት ነው?

ለእንዲህ ያለው የንባብ ችግር ዲስሌክሲያ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1887 ባሳተመው ጽሑፍ ያስተዋወቀው ሩዶልፍ በርሊን የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ነው። እሱ ያያቸው ሕመምተኞች አንጎላቸው ተጎድቶ ማንበብ ያቃታቸው አዋቂዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የአንድ የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። ፐርሲ የተባለው ይህ ልጅ ጤነኛ ነው፤ ዓይኑ ደህና ነው፤ ሂሳብ ይችላል፤ ለዓመታት ተምሯል። ሆኖም የራሱን ስም እንኳ ፊደሎቹን አቀያይሮ ይጽፍ ነበር። መምህሩ ስለ እሱ የሰጡት ምስክርነት፣ ትምህርቱ በሙሉ በቃል ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ የሚወዳደረው እንደማይኖር የሚናገር ነው።

ተመሳሳይ ምስክርነት ዛሬም ከወላጆች ይሰማል፦ «ሲያወራ እኮ ትልቅ ሰው ነው፤ መጽሐፍ ሲይዝ ግን ምን እንደሚሆን አላውቅም።» ወላጅ በዚህ ግራ ተጋብቶ ልጁ ሆን ብሎ የሚያደርገው ይመስለዋል። ስንፍና የሚለው ቃልም የሚመጣው ያኔ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች ችግሩ ቃላትን በዓይን መዝግቦ በመያዝ ላይ ያለ መስሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ግን ዋናው መሰናክል ከድምፅ በኩል መሆኑን አሳይተዋል። ስንናገር ቃሉን እንዳለ እንለዋለን እንጂ ከምን ከምን ድምፅ እንደተሠራ አናስብም። ለማንበብ ግን «ሰላም» የሚለው ቃል ተከፋፍሎ ሊሰማ፣ እያንዳንዱም ቁራጭ ከአንድ ቅርጽ ጋር ሊጣመር ይገባል። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ቃሉን በደንብ ይሰማዋል፣ ትርጉሙንም ያውቀዋል፤ የሚከብደው ከፋፍሎ መያዙና ከቅርጹ ጋር በፍጥነት ማገናኘቱ ነው።

ማንበብ እንደ ማውራት በራሱ አይመጣም። የሰው ልጅ መጻፍ ከጀመረ አምስት ሺህ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው፤ ስለዚህ አንጎላችን ውስጥ ለንባብ ተብሎ የተፈጠረ ስፍራ የለም። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ስታኒስላስ ዴሃን በሰፊው እንዳጠናው፣ እያንዳንዱ ልጅ ቅርጽ የሚለየውን የአንጎሉን ክፍል ቋንቋ ከሚያስተናግደው ክፍል ጋር በልምምድ ማገናኘት አለበት። ይህ ግንኙነት ዲስሌክሲያ ባለበት ልጅ ዘንድ እስኪጠነክር ከሌላው የበለጠ ጊዜና ልምምድ ይጠይቃል። እስኪጠነክር ድረስ ልጁ መኪና መንዳት ገና እንደሚማር ሰው ነው፦ ሐሳቡ ሁሉ ፍሪሲዮንና ማርሹ ላይ ስለሆነ አጠገቡ ያለው ሰው የሚነግረው አይገባውም። ፊደል በመልቀም የተጠመደ ልጅም ያነበበው ምን እንደሚል ቢጠይቁት አያስታውስም።

ግምቶች እንደ መለኪያው ቢለያዩም፣ አብዛኞቹ ዲስሌክሲያ ከ100 ልጆች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ይታያል ይላሉ። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ከ3 እስከ 6 ልጅ ማለት ነው። በዘር ይወረሳል፤ ወላጁ ንባብ ይቸግረው የነበረ ልጅ ዕድሉ ከሌላው ይልቅ የሰፋ ነው። ስለ ልጃቸው ሊያማክሩ መጥተው የራሳቸውን የልጅነት ታሪክ የሚተርኩ አባቶች ብዙ ናቸው። ሴቶች ልጆችንም መዘንጋት አይገባም። ተመራማሪዋ ሳሊ ሼይዊትዝና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካዋ ኮነቲከት ግዛት ውስጥ ያደረጉትን ጥናት ሲያሳትሙ፣ ትምህርት ቤቶች ችግር አለባቸው ብለው የሚለዩት በብዛት ወንዶችን ሲሆን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ፈትነው ሲለዩ ግን በወንዶችና በሴቶች መካከል ያን ያህል ልዩነት አላገኙም። ክፍል የሚረብሸው ወንድ ልጅ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ጥጓን ይዛ ዝም ያለችው ልጅ ትታለፋለች።

በእኛ ፊደል ላይ ሲታይ

ስለ ዲስሌክሲያ ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው አብዛኛው ጽሑፍ የተጻፈው ስለ እንግሊዝኛ ነው። ፊደል ገልብጦ መጻፍ ዋና ምልክት ሆኖ ይቀርባል። በእኛ ፊደል በመስታወት እንደታዩ ሆነው የሚገለባበጡ ጥንዶች እምብዛም ስለሌሉ፣ ይህን ያነበበ ወላጅ «የእኔ ልጅ እንዲህ አያደርግም» ብሎ ይተወዋል።

ኦስትሪያዊው ተመራማሪ ሃይንዝ ዊመር ጀርመንኛ በሚያነቡ ልጆች ላይ ያገኘው ለእኛ ይበልጥ ይጠቅማል። ፊደሉና ድምፁ በአብዛኛው በሚስማሙበት ቋንቋ ዲስሌክሲያ ያለባቸው ልጆች ቃሉን ውለው አድረው በትክክል ያነቡታል፤ ችግራቸው ጎልቶ የሚታየው በዝግታቸው ላይ ነው። አማርኛም በዚህ ረገድ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለጀርመንኛ ይቀርባል። ስለዚህ ስህተቱን ብቻ አይቁጠሩ፤ ፍጥነቱንም ይመልከቱ። 3ኛ ክፍል ደርሶ እያንዳንዱን ቃል እንደ አዲስ ፊደል በፊደል የሚለቅም ልጅ፣ አንድም ባይሳሳት፣ እርዳታ ይፈልጋል።

ልጁ የሚደናቀፍባቸው ቦታዎችም የፊደላችንን ጠባይ የተከተሉ ናቸው። የመጀመሪያው ብዛቱ ነው፤ 33 ቤቶች በ7 ሲባዙ 231 ቅርጽ ይሆናሉ፣ ዲቃላዎቹን ሳንጨምር። ሁለተኛው መመሳሰሉ ነው፤ «ተ» እና «ቸ»፣ «ደ» እና «ጀ»፣ «ነ» እና «ኘ» የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው።

ሦስተኛው ሳድስ ነው። ካዕብ በአብዛኛው ወገቡ ላይ ቀኝ እጅ ያወጣል፤ «ሉ፣ ሙ፣ ቡ፣ ሱ» እያለ አንዴ የገባው ልጅ ሌላውን ይገምታል። ሳድስ ግን እንዲህ ያለ ወጥ ሕግ የለውም፤ «ል፣ ም፣ ር፣ ን፣ ት» እያንዳንዳቸው ለየብቻ መለመድ አለባቸው። በዚያ ላይ አንዳንዴ አጭር አናባቢ ይዞ፣ አንዳንዴ ያለ አናባቢ ይነበባል። «ትምህርት» የሚለውን ቃል አምስቱንም ፊደል እየነጠለ የሚጠራ ልጅ ሁሉንም በትክክል ጠርቶ ቃሉን ላያገኘው ይችላል።

አራተኛው መጥበቅና መላላት ነው። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ያልደረሰ ነገር፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው፤ ጽሑፉ ግን አንድ ነው። ፈጣን አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ስሜት ያውቀዋል። ቀርፋፋው አንባቢ እዚያ ሲደርስ የዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ጠፍቶበታል። የመጨረሻው የቃላችን ርዝመት ነው። «እንደሚያስፈልጋቸው» 11 ፊደል ያለው አንድ ቃል ነው፤ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ መጀመሪያውን መርሳት አይከብድም።

ምልክት የማይሆነውን ለይቶ ማወቅም ይጠቅማል። «ሰ» ን በ«ሠ»፣ «ሀ» ን በ«ሐ» ለውጦ መጻፍ አዋቂው ሁሉ የሚያደርገው ስለሆነ ከዲስሌክሲያ ጋር አያይዙት። ፊደል የሚዘል፣ የካዕቡን በግዕዙ የሚተካ፣ አንዱን ቃል በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ዓይነት አድርጎ የሚጽፍ ልጅ ግን ሊታይ ይገባል። ገና ኬጂ ሳሉ ደግሞ ዘግይቶ አፍ መፍታት፣ በረጃጅም ቃላት ውስጥ ድምፆችን ማቀያየር፣ የቀናትን ስም በተራ ለመያዝ መቸገር፣ ቤት መምታት አለመቻል አስቀድመው የሚታዩ ፍንጮች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ሲደራረቡ፣ በተለይም በቤተሰቡ ውስጥ ተመሳሳይ ታሪክ ካለ፣ ልምምዱን አስቀድሞ መጀመር ያዋጣል።

ከመወሰን በፊት

የማያነብ ልጅ ሁሉ ዲስሌክሲያ አለበት ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የተካሄደው የንባብ ምዘና ብዙ የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ያን ሁሉ ልጅ ያገኘው በቂ ማስተማር፣ በቂ መጽሐፍና በቂ ጊዜ ማጣት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ልጁ በእርግጥ ተምሯል ወይ የሚለው ነው። ዓይኑና ጆሮውም ይመርመሩ፤ መነጽር የሚያስፈልገው ወይም ጆሮው ደጋግሞ መግል የሚይዝ ልጅ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅለት ከክፍሉ ወደኋላ ይቀራል።

ከፊደል ገበታው ፈተና ቀጥሎ ሁለተኛውን የቤት ፈተና ይሞክሩ። ከመማሪያ መጽሐፉ ያላነበበውን አንድ ምንባብ ይምረጡ፤ እርስዎ ያንብቡለትና ጥያቄዎቹን በቃል ይጠይቁት። በሌላ ቀን ተመጣጣኝ ምንባብ እሱ ራሱ ያንብብና እንደዚያው ይጠይቁት። ሲነበብለት ሁሉን መልሶ ራሱ ሲያነብ የሚጠፋበት ከሆነ ችግሩ ያለው ፊደሉን ወደ ቃል በመለወጡ ላይ ነው። ሲነበብለትም ካልገባው ጉዳዩ የቋንቋ ሊሆን ይችላልና ልምምዱም ወደ ቃላትና ወደ ጭውውት ያዘነብላል። ከዚህ ፈተና በስተጀርባ ያለው ሐሳብ ጎፍ እና ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረቡት ነው፤ አንብቦ መረዳት የሁለት ችሎታዎች፣ ማለትም የፊደል ፈቺነትና የቋንቋ ግንዛቤ ብዜት ውጤት ነው ይላሉ። አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው።

ከዲስሌክሲያ ጋር ወይም ለብቻቸው የሚመጡ ሌሎች ችግሮችም አሉ። ዲስካልኩሊያ ያለበት ልጅ 4ኛ ክፍል ደርሶም 8 ላይ 5 ለመደመር በጣቱ ይቆጥራል፤ ሱቅ ሲላክ መልሱ ትክክል መሆን አለመሆኑን አይገምትም። ዲስግራፊያ ያለበት የሚያስበውንና የሚናገረውን ያህል እጁ አይከተለውም። ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ አንድ ነገር ላይ መቆየት ይቸግረዋል፤ ማንበብ እየቻለም መስመር ይዘላል፣ ደብተሩን ይረሳል። በአንድ ልጅ ላይ ከእነዚህ ችግሮች ሁለቱ ተደርበው መገኘታቸው የተለመደ ስለሆነ፣ አንዱ ከታወቀ በኋላ ሌላውን መፈለግ አይተው።

በየማታው 15 ደቂቃ

እሑድን ሙሉ ቀን ከማስጠናት ይልቅ በሳምንት አምስት ቀን ሩብ ሰዓት ይሻላል። ልጁ ሳይደክም፣ ሌላው የቤት ሥራ ሳይጀመር ይሁን። ማንበብ የማይችል ወላጅም ድርሻ አለው፤ የድምፁን ጨዋታ እሱ ይይዛል፣ የፊደሉን ክፍል ታላቅ ወንድም ወይም እህት ትይዛለች።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ያለ መጽሐፍ ናቸው። «ሰላም በል። አሁን ሰ ን ተዋትና በለው።» ልጁ «ላም» ይላል። ከ«መስኮት» ላይ «መስ» ሲወጣ «ኮት» ይቀራል፤ ከ«ደመና» ላይ «ደ» ሲወጣ «መና»። በ«ም» የሚጀምር ዕቃ ከቤቱ ውስጥ መፈለግ፣ ቤት የሚመቱ ቃላት መፎካከር፣ እነዚህ ሁሉ ልጁ ቃልን ከፋፍሎ እንዲሰማ ያደርጉታል። እንጀራ ሲጋገርም፣ ታክሲ ሲጠበቅም ይሠራሉ።

ቀጥሎ አራት ደቂቃ ፊደል። ከካርቶን በተቆረጡ ካርዶች ላይ አምስት ፊደል ብቻ ይጻፉ፤ ሦስቱ የሚያውቃቸው፣ ሁለቱ አዲስ ይሁኑ። እያደባለቁ ያሳዩት። አዲሱን ፊደል ድምፁን እየጠራ በትሪ ላይ በተበተነ አሸዋ ወይም ዱቄት ላይ በጣቱ ይጻፈው፤ ዓይን፣ ጆሮና እጅ በአንድነት እንዲሠሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሳሙኤል ኦርተንና አና ጊሊንግሃም በአሜሪካ የዘረጉት የማስተማሪያ መንገድም የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። የሚመሳሰሉትን በአንድ ሳምንት አያስተምሩ፤ «ተ» በደንብ ሳይያዝ «ቸ» አይምጣ። ገበታውን ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ያስኪዱት፤ «ቡ፣ ሉ፣ ሙ» አንድ ላይ ሲታዩ የካዕብ ምልክት ራሱ ይናገራል። ሳድሶቹን ደግሞ አንድ በአንድ።

ሦስተኛው ቃል ነው፤ ይህም አራት ደቂቃ ይበቃዋል። በሚያውቃቸው ፊደሎች የሚሠሩ አጫጭር ቃላት ያስነብቡት፣ ያጽፉትም። አማርኛ እዚህ ላይ ትልቅ እገዛ አለው፤ «ሰበረ፣ ሰባራ፣ ስባሪ፣ ሰባበረ» ቢሉ ሦስቱ ተነባቢዎች አይጠፉም። ልጁ ይህን አጥንት ማየት ሲለምድ አዲስ የመሰለው ቃል ዘመዱ ሆኖ ይገኛል። ረጅሙን ቃል በእርሳስ ይቁረጡለት፤ «አል / ተሰበረ / ችም»። ቁራጮቹን ለየብቻ ካነበበ በኋላ ይገጣጥማቸው።

የቀረው ጊዜ የምንባብ ነው። አራት አምስት መስመር ያለው ቀላል ጽሑፍ ይምረጡ። መጀመሪያ እርስዎ ያንብቡት፤ ከዚያ አብራችሁ፤ በመጨረሻ ልጁ ብቻውን። በማግስቱም ያንኑ ይድገመው። ሲደናቀፍ ጥቂት ሰከንድ ይታገሱ፣ ካልመጣለት ቃሉን ይስጡትና ይቀጥል። «ትናንት አሳይቼህ አልነበር?» የሚለውን ጥያቄ ይተዉት፤ ትናንት ያወቀውን ዛሬ መርሳቱ የችግሩ አንዱ ጠባይ ነው። በየመስመሩ ሁለት ሦስት ቃል የሚያቅተው ከሆነ ጽሑፉ ከብዷል፤ ክፍል ሳይቆጥሩ ወደ ቀላሉ ይውረዱ።

ጆሮው ይማር

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኪት ስታኖቪች እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ ንባብ አንድ አሳሳቢ ነገር አስረዳ። በደንብ የሚያነብ ልጅ ብዙ ያነባል፤ ብዙ ሲያነብ ብዙ ቃልና ብዙ እውቀት ያገኛል፤ ያም ንባቡን ይበልጥ ያቀልለታል። የማያነበው ልጅ በየዓመቱ ወደኋላ ይቀራል። ከወንጌሉ የመክሊት ምሳሌ ተነስቶ «የማቴዎስ ውጤት» የሚል ስም ወጥቶለታል። እንዲህ ሲሆን በንባብ የተጀመረው ችግር 6ኛ ክፍል ላይ የሳይንስ፣ የኅብረተሰብና የቋንቋ ችግር ሆኖ ይገኛል። ልጁም ያኔ በእርግጥ ደካማ ተማሪ ይመስላል።

ይህን ሰንሰለት ወላጅ ሊበጥሰው ይችላል። የሳይንሱን ትምህርት ያንብቡለት፤ እሱ በራሱ ቃል መልሶ ይንገርዎ። ከዕድሜው ጋር የሚሄድ ታሪክ ያንብቡለት፤ በመጽሐፍ ደረጃ 1ኛ ክፍል ቢሆንም በሐሳብ 5ኛ ክፍል ነውና የሕፃን ታሪክ ብቻ መስማት ይሰለቸዋል። በሬዲዮ የሚተረኩ ልቦለዶች፣ በድምፅ የተቀዱ መጻሕፍት፣ የአያት ተረትና እንቆቅልሽ ሁሉም ይቆጠራሉ። ስልክዎ ላይ የክፍሉን ማስታወሻ በድምፅዎ ቀድተው ይስጡት፤ ለፈተና ደጋግሞ ይሰማዋል። ይህን ማድረግ ያሰንፈዋል ብለው አይስጉ። የንባቡ ልምምድ በየማታው እስከቀጠለ ድረስ በጆሮው የሰበሰበው ቃል በኋላ ሲያነበው ቶሎ የሚለየው ቃል ነው።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ የሚጠበቀውን ዝቅ አድርገው ይጀምሩ። ፊደሉ 26 ብቻ ቢሆንም አጻጻፉና አነባበቡ ስለማይስማሙ፣ በአማርኛ ቀስ እያለ የሚወጣው ልጅ በእንግሊዝኛ ጨርሶ ሊቆም ይችላል። 9ኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናልና ዛሬ በቃል የሚለምደው እንግሊዝኛ፣ ማለትም መስማትና መናገሩ፣ ያኔ ይደግፈዋል።

ከመምህሩ ጋር

ብዙ ተማሪ የያዘን መምህር ልዩ ትምህርት ይስጡልኝ ቢሉት አይችልም። የሚቻለውን ይጠይቁ። እንዲህ ማለት ይችላሉ፦ «መምህር፣ ልጄ በቃል ሲጠየቅ ይመልሳል፤ ጽሑፍ ሲሆን ነው የሚዘገየው። ቤት በየማታው እያለማመድነው ነው። እርስዎም በአንድ ሁለት ነገር ቢያግዙን ብዬ ነው የመጣሁት።» ከዚያም ጥያቄው ይከተል፦ ሳይዘጋጅ ተነስቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ አይታዘዝ፤ የሚያነበው ክፍል ከአንድ ቀን በፊት ይነገረው። ከሰሌዳ መገልበጥ ካልቻለ ከጓደኛው ደብተር ይውሰድ። በሳይንስ ፈተና የፊደል ስህተት ማርክ አይቀንስበት። አልፎ አልፎ በቃል ይፈተን። ትምህርት ቤቱ የልዩ ፍላጎት ባለሙያ ከሌለው የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂ እንዲህ ላለው ጥያቄ መነሻ ይሆንዎታል።

ክፍል ይድገም የሚል ሐሳብ ከመጣ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ በሚቀጥለው ዓመት ማስተማሪያው በምን ይለያል? ያው ትምህርት በዚያው መንገድ ከተደገመ ልጁ የሚያተርፈው ከእኩዮቹ መለየትን ነው።

አሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች መብታቸው ሰፊ ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1975 በተጣለው የፌዴራል ሕግ መሠረት ወላጅ ልጁ እንዲመዘን በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል፤ ምዘናው በነጻ ነው፤ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይጀመርም፤ በስብሰባው ላይ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። ልጁ ብቁ ሆኖ ከተገኘ አይኢፒ የሚባል የግል የትምህርት ዕቅድ ይወጣለታል። «ስፔሻል» የሚለው ስም ያሸማቅቀናል ብለው የማይፈርሙ ወላጆች ልጃቸው በነጻ የሚያገኘውን እርዳታ ያስቀሩበታል። አማርኛ ማውራት ተዉ የሚል ምክርም ከተሰጣችሁ አትቀበሉት። ሁለት ቋንቋ ዲስሌክሲያን አያመጣም፤ ልጁ ከእናቱና ከአያቱ የሚያገኘው የቃላት ሀብት ለንባቡም ስንቅ ነው።

ገንዘብዎን የት ያውሉ?

በጭንቅ ላይ ላለ ወላጅ የሚሸጥለት አይጠፋም። ባለ ቀለም መነጽር፣ የዓይን ስፖርት፣ ለዲስሌክሲያ የተሠራ ልዩ የፊደል ቅርጽ ንባብን እንደሚያሻሽሉ የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃ የለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከዓይን ሐኪሞች ማኅበራት ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መግለጫ የዓይን ልምምድንና ባለ ቀለም መነጽርን ለዚህ ችግር እንደማይደግፍ አስታውቋል። ዲስሌክሲያን የሚያጠፋ መድኃኒትም የለም፤ ለኤዲኤችዲ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት ትኩረትን እንጂ ፊደል መፍታትን አያስተምርም። ጸሎቱና ጸበሉ በቤቱ ሥርዓት ይቀጥል፤ የማታው 15 ደቂቃም ከእሱ ጋር አይቋረጥ። ለአስጠኚ የሚከፍሉ ከሆነ ከመቅጠርዎ በፊት ልጁን ከየት እንደሚጀምር ይጠይቁት። «ከክፍሉ መጽሐፍ» ካለዎት የቤት ሥራ ይሠራለታል ማለት ነው፤ ንባብ የሚያስተምረው ልጁ ከቆመበት ፊደል የሚጀምረው ነው።

ለልጁ ምን ይነገረው?

ልጁ አንድ ነገር እንደጎደለው ከእርስዎ በፊት ያውቃል። ክፍል ውስጥ ተራው ሲደርስ ሽንት ቤት የሚጠይቀው፣ ሰኞ ጠዋት ሆዱን የሚያመው ለዚህ ነው። ዝም ከተባለ ምክንያቱን ራሱ ይፈጥራል፤ የሚፈጥረውም «ደደብ ነኝ» የሚል ነው። ስለዚህ በአጭሩና በግልጽ ይንገሩት፦ «ልጄ፣ አንጎልህ ንባብን የሚይዘው ቀስ ብሎ ነው። እንዲህ ያሉ ብዙ ልጆች አሉ። በየቀኑ ስትለማመድ ይመጣል፤ እኔም አብሬህ ነኝ።» ከእህቱ ካርድ ጋር ማወዳደሩ በዚያው ይቁም። የሚችለው ነገር ደግሞ፣ ኳሱም ይሁን ሥዕሉ፣ ዕቃ መጠገኑም ቢሆን፣ በንባቡ ምክንያት እንደ ቅጣት አይከልከል። ቀኑን ሙሉ የማይችለውን ሲሞክር የዋለ ልጅ የሚችለውን የሚሠራበት ሰዓት ያስፈልገዋል።

በመጨረሻ አንድ ደብተር ይግዙ። በግራው ገጽ ላይ ንባቡን ይመዝግቡ፦ በወር አንድ ጊዜ፣ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ምንባብ፣ አንድ ደቂቃ፣ በትክክል የተነበቡት ቃላት ብዛት። ልጁ የሚወዳደረው ካለፈው ወር ከራሱ ጋር ብቻ ነው። ሳይቋረጥ ሦስት ወር ተለማምዶ ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ይዩት። በቀኙ ገጽ ላይ ልጁ በዚያ ወር በጆሮው የተማረውን ይጻፉ፦ የሰማውን ታሪክ፣ የገባውን የሳይንስ ትምህርት፣ ያወቀውን አዲስ ቃል። የግራው ገጽ በዝግታ ይሞላል፤ ዝግታው በእጅዎ አይደለም። የቀኙን ገጽ ግን በየወሩ መሙላት ከእርስዎ አቅም ውጪ አይደለም፤ ባዶ ሆኖ ያገኙት ወር ካለ በሚቀጥለው ወር ሥራውን ከዚያ ይጀምሩ።